ነብሩ የሄደበት መንገድ

ለሥራ በሄድኩበት ከተማ ግማሽ ቀን ስለተረፈኝ መካነ አራዊት ገባሁ። ከልጅነቴ ወዲህ ረግጬው አላውቅም ነበር። ጦጣዎቹን፣ ወፎቹን፣ እባቦቹን ቶሎ ቶሎ አየት አየት እያደረግኩ አለፍኩ። ነብሩ ጋ ስደርስ ግን እግሬ አልሄድ አለኝ።

ከጥግ ይነሳል፣ አጥሩን ተከትሎ እስከ ግንዱ ይሄዳል፣ እዚያ አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ ይመለሳል። ሁልጊዜ በዚያው ቦታ፣ ሁልጊዜ ወደ ግራ። የቀረው ግቢ ለምለም ሣር ነው፤ እሱ የሚረግጠው ብቻ ተልጦ አፈሩ ወጥቷል። ሃያ ደቂቃ ቆሜ ሳየው አንዴም ቀና ብሎ አላየንም። አጠገቤ ያለ ሕፃን "አባዬ፣ ምን ጠፍቶበት ነው?" ሲል አባትየው "ርቦት ይሆናላ" አለው።

ርሃብ እንኳ አይመስለኝም። ምግቡ በሰዓቱ ይመጣል፣ ሐኪምም አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ በዱር ሰፊ ቦታ የሚያካልሉ ሥጋ በል እንስሳት ሲታጎሩ ከሌሎቹ ይበልጥ እንዲህ ይመላለሳሉ፣ ግልገሎቻቸውም ይበልጥ ይሞታሉ። ለዋልታ ድብ የሚሰጠው ግቢ በዱር ከሚያካልለው አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ነው። ይህን ቁጥር ካነበብኩ ቆይቻለሁ፤ የገባኝ ግን ያን የተላጠ መሬት ሳይ ነው።

"ሁሉም ይዘጋ" እንዳልል ደግሞ ሳላዎቹ፣ እነዚያ ረጅም ቀንድ ያላቸው የበረሃ እንስሳት፣ አሉ። የዓረብ ሳላ እ.ኤ.አ. በ1972 ከዱር ጠፍቶ ነበር። ዘሩ የተረፈው ሰው አጥሮ ባረባቸው ጥቂቶች ነው፤ በ1982 ኦማን በረሃ ላይ መልሰው ለቀቋቸው። እንዲህ ያለውን አጥር እደግፋለሁ፣ መውጫ በር አለውና። ሩቅ ሄዶ የሚያድን አውሬን ለእኛ መታያ ብሎ ማርባት ግን ይቁም ባይ ነኝ። አሁን ያሉትንም ቢሆን ሰፋ ያለ ቦታና የሚሠሩት ነገር ልንነፍጋቸው አይገባም።

ልወጣ ስል ተንከባካቢው ነብሩን ወደ ውስጥ አስገብቶ ዘጋበትና፣ ሥጋ የደበቀበትን የእንጨት ሳጥን ግንዱ ላይ ሰቀለ። ነብሩ ሲለቀቅ መንገዱን ረሳው። አሸተተ፣ ዘለለ፣ በጥፍሩ ቧጠጠ፣ ጅራቱ ሳይቀር ነፍስ ዘራ። ሕፃኑ አጨበጨበ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሳጥኑ ባዶ ሆነ። ነብሩ አፉን ላሰና ወደ ጥጉ ሄደ።