«የትኛው ውል?»

የመጀመሪያው ረቂቄ ሲመለስልኝ ከእኔ ጽሑፍ የመምህሯ ቀይ እስክሪብቶ ይበዛ ነበር።

ማታ ማታ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ፤ ቀን ኮሙኒቲ ኮሌጅ እማራለሁ። ለአሜሪካ ታሪክ ክፍል የስምንት ገጽ ጽሑፍ ስንታዘዝ «አሜሪካ ባሕር ተሻግራ እንዴት ተስፋፋች» የሚል ርዕስ መረጥኩ። አላስካ፣ ሚድዌይ፣ ሳሞአ፣ ሃዋይ፣ ኩባ፣ ፖርቶ ሪኮ፣ ጉዋም፣ ፊሊፒንስ፣ የቻይና ንግድ፤ ሁሉንም ጠቀጠቅኳቸው። እግር ሁለት ነው ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። እኔ ዘጠኝ ላይ ነበርኩ።

ከቀዩ ቀለም ሁሉ አንዱ ግን ጠቀመኝ። «ሃዋይ በ1898 በውል ወደ አሜሪካ ተጠቃለለች» ብዬ ጽፌ ነበር። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) መምህሯ «በውል» የሚለውን ከበበችና ጠርዙ ላይ ሁለት ቃል ጻፈች፦ «የትኛው ውል?»

ሁለት ሌሊት ፈለግኩ። እንግዳ ሲመጣ ቁልፍ እሰጣለሁ፣ ሲሄድ ወደ ስክሪኑ እመለሳለሁ። የጸደቀ ውል የለም። የውጫሌን 17ኛ አንቀጽ ስሰማ ያደግኩ ሰው ይህን ጥያቄ ራሴ ማንሳት ነበረብኝ። አፈርኩ። ግን ስምንቱን ዛፎች ትቼ የወረድኩት ያኔ ነው። ፊሊፒንስም ተቆረጠች። አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት ይህን ስነግራት፣ «እኛን በ20 ሚሊዮን ዶላር ገዝተው አሁን ደግሞ በነጻ ታወጡናላችሁ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከስኳር ነው። ከ1875ቱ የንግድ ውል ወዲህ የሃዋይ ስኳር ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ ነበር። ባለ እርሻዎቹ፣ አብዛኞቹ ነጮች፣ በዚህ ከበሩ። በ1890 የወጣ ሕግ ግን የሌሎች አገሮችንም ጥሬ ስኳር ከቀረጥ ነጻ አደረገ፤ አሜሪካ ውስጥ ለሚያመርቱት ደግሞ በፓውንድ 2 ሳንቲም ድጎማ ቆረጠ። የሃዋይ ብልጫ ተነነ። አሜሪካ መሆን ጥሩ ሒሳብ መምሰል ጀመረ። ምክንያቱ ይህ ብቻ አይደለም፤ በጥር 1893 ግን የሃዋይ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ሥልጣናቸውን የሚመልስ ሕገ መንግሥት ለማውጣት ሲነሱ ጥቂት ነጋዴዎችና ጠበቆች ገለበጧቸው። ከአሜሪካ ጦር መርከብ ቦስተን የወረዱ 162 ወታደሮች ከተማው ውስጥ ቆመው ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ነገሩ አልጣማቸውም፤ ገልባጮቹ የተፈራረሙትንና ሴኔት የደረሰውን የመጠቅለያ ውል መልሰው ወሰዱት። ማኪንሊ በ1897 ሥልጣን ሲይዙ አዲስ ውል ተፈረመ።

እዚህ ላይ ነው ወረቀቱን ያገኘሁት። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የያዘው የሃዋይ ሕዝብ አቤቱታ ነው፤ 21,269 ሰው ፈርሞበታል። የአገሬው ተወላጆች በጠቅላላ ወደ 39,000 ገደማ ነበሩ። ርዕሱ በሃዋይኛም በእንግሊዝኛም «መጠቅለልን የሚቃወም አቤቱታ» ይላል። ከታች ስም፣ ከጎኑ ዕድሜ። አንድ ገጽ ስክሪኑን እስኪሞላ አጉልቼ ዕድሜዎቹን በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብ የሊፍቱን ድምፅ አልሰማሁም። እንግዳው ጠረጴዛውን አንኳኳ።

አራት ተወካዮች አቤቱታውን ይዘው በታኅሣሥ 1897 ዋሽንግተን ገቡ። ሴናተሮቹን አነጋገሩ። ሴኔቱ 90 ወንበር ነበረው፤ ውል ለማጽደቅ ከተገኙት ሁለት ሦስተኛ፣ ሁሉም ከተገኙ 60 ድምፅ ያስፈልጋል። ተወካዮቹ በየካቲት 27፣ 1898 ሲመለሱ ደጋፊው 46 ብቻ ነበር። አሸንፈናል ብለው ሄዱ።

ችግሩ፣ ከዚያ 12 ቀን በፊት ሜን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ በስፔን ሥር በነበረችው ኩባ፣ ሃቫና ወደብ ላይ ፈንድታ ከ250 በላይ ባሕርተኞች አልቀዋል። ሚያዝያ ላይ ከስፔን ጋር ጦርነት ተነሳ። በግንቦት 1 የአሜሪካ መርከቦች ማኒላ ላይ የስፔንን ጓድ ደመሰሱ። ሃዋይ በድንገት የፓስፊክ መንገድ ላይ ማረፊያ ሆነች። ደጋፊዎቹ ውሉን ትተው በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ውሳኔ መጡ፤ ለእሱ ተራ አብላጫ ይበቃል። ቴክሳስም በ1845 በዚሁ በር ነው የገባችው። የታችኛው ምክር ቤት 209 ለ91፣ ሴኔቱ 42 ለ21 አጸደቁት። ማኪንሊ ሐምሌ 7 ቀን ፈረሙ።

«ሁለት ሦስተኛ ማግኘት ስላልቻሉ በጓሮ ገቡ» ብዬ ደመደምኩ። ኩራቴ ልክ የለውም። ጽሑፉን ላስረክብ አንድ ቀን ሲቀር፣ ያውም ሻወር ውስጥ፣ 42 እና 21 ሲደመሩ 63 መሆኑ ታየኝ። የ63 ሁለት ሦስተኛ ስንት ነው? 42! ድምፅ ከሰጡት መካከል ልክ ሁለት ሦስተኛው ደግፏል። ፎጣ ለብሼ ላፕቶፑ ጋ ሄድኩ።

ድምዳሜዬን ሌሊቱን እንደገና ጻፍኩት። የየካቲቱ 46 ለብቻው፣ የሐምሌው 42 ለብቻው፤ መካከላቸው ጦርነቱ። ጓሮው መኖሩን አልሰረዝኩም። ዋናው በር በዚያ ቀን ይዘጋ ነበር የሚለውን ግን ሰረዝኩ።

ሌላ የረዳኝ ነገር ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ነው። በግራ የፈረንጁ ዓመት፣ በቀኝ የእኛው። እኔ 1898ን በእኛው 1890 ካላልኩ ዘመኑ አይታየኝም። ሜን ስትፈነዳ አድዋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ይህ ጽሑፉ ውስጥ አልገባም፤ ቀኖቹን ማምታታት ያቆምኩት ግን በእሱ ነው።

ቢ ፕላስ አገኘሁ። በዚህኛው ላይ ቀይ ቀለም ያለው መጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ነው፦ «የቀሩት ሴናተሮችስ የት ነበሩ?» አሁን የዚያን ቀን የኮንግረስ መዝገብ እያነበብኩ ነው። ሴሚስተሩ ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።