የሮኬት አፍንጫ ከፋይበርግላስ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሠራሁ

በአሜሪካ ለሞዴል ሮኬት የሚሸጡት አፍንጫዎች አብዛኞቹ የፕላስቲክ ናቸው፤ ለትንንሾቹ ሮኬቶች ከበቂ በላይ ያገለግላሉ። እኔ አፍንጫ ያስፈለገኝ ግን 76 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለውና የኤች ደረጃ ሞተር ለሚጭን ሮኬት ነበር። የዚህ ደረጃ ሞተር ከ160 እስከ 320 ኒውተን ሰከንድ የሚደርስ ጉልበት የሚሰጥ ሲሆን፣ ለመግዛትም የሮኬት አፍቃሪዎች ማኅበራት ከሆኑት የናሽናል አሶሲዬሽን ኦፍ ሮኬትሪን ወይም የትሪፖሊ ሮኬትሪ አሶሲዬሽንን የመጀመሪያ ደረጃ ማረጋገጫ መያዝ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ሮኬት ከዓይን ርቆ ስለሚወጣና በፓራሹት ሲወርድም ነፋስ ወደ ሩቅ እርሻ ሊወስደው ስለሚችል፣ አፍንጫው ውስጥ የጂፒኤስ ማሰራጫ ማስቀመጥ ፈለግሁ። ካርቦን ፋይበር የሬዲዮ ሞገድን ያግዳል፤ ፋይበርግላስ፣ ማለትም በሙጫ የጠነከረ የመስታወት ጨርቅ፣ ግን ያሳልፋል፤ ከክብደቱ አንጻር ሲታይም ጠንካራ ነው። ምርጫዬን የወሰነው ይህ ነው።

ለቅርጹ ኦጂቭ የሚባለውን፣ ማለትም ጎኑ የክብ ቅስት የሆነውን መረጥሁ። ከድምፅ ፍጥነት በታች ለሚበር ሮኬት በኦጂቭና በሌሎቹ የተጠማዘዙ ቅርጾች መካከል ያለው የአየር መጎተት (አየሩ ሮኬቱን የሚያዘገይበት ኃይል) ልዩነት አነስተኛ ነው፤ የገጹ ልስላሴና አፍንጫው ከሮኬቱ አካል ቱቦ ጋር የሚገናኝበት መስመር አለመደናቀፉ ይበልጥ ያሳስበኝ ነበር። ኦጂቭ ያለ ኮምፒውተር መሳል መቻሉም ትልቅ ጥቅም ነው። ርዝመቱን የስፋቱን አራት እጥፍ፣ 304 ሚሊ ሜትር አደረግሁት። የቅስቱ ራዲየስ የሚገኘው የግርጌውን ራዲየስ ካሬና የርዝመቱን ካሬ ደምሮ ለግርጌው ስፋት በማካፈል ነው፦ 38 በራሱ ሲባዛ 1,444፣ 304 በራሱ ሲባዛ 92,416፣ ድምሩ 93,860፣ ለ76 ሲካፈል 1,235 ሚሊ ሜትር። ረጅም ጣውላ ወስጄ በአንዱ ጫፍ ምስማር፣ ከምስማሩ 1,235 ሚሊ ሜትር ርቆ ደግሞ እርሳስ አስገባሁና ቅስቱን በስስ ኮምፔንሳቶ ላይ ሳልሁት፤ እሱንም ቆርጬ የመለኪያ አብነት አደረግሁ። ለማረጋገጫ የአፍንጫው ስፋት በርዝመቱ እኩሌታ ላይ 57 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት።

ከዚህ በኋላ የመጣው የእንጨት ሞዴሉ ነው፤ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይኸው ክፍል ይመስለኛል። ፋይበርግላስ ያገኘውን ሁሉ ይገለብጣል፤ ሞዴሉ ላይ ያለች ጭረት ፎርማው (አፍንጫው የሚወጣበት ባዶ ቅርጽ) ላይ ትታተማለች፣ ከዚያም ከፎርማው ወደሚወጣው እያንዳንዱ አፍንጫ ትተላለፋለች። ሞዴሉን በእንጨት ቶርኖ ስቀርጽ አብነቱን ደጋግሜ እያስጠጋሁ በመካከላቸው ብርሃን የሚያልፍበትን ቦታ አየሁ፤ ብርሃን በማያልፍበት ቦታ ያለው እንጨት ገና ስላልተቃና እሱን ቀነስሁ። በግርጌው በኩል 25 ሚሊ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ትርፍ ተውሁ፤ የፋይበርግላስ ጠርዝ ሁልጊዜ የተበጣጠሰ ስለሚሆን የሚቆረጠው ከዚህ ትርፍ ላይ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይኮማተራል፤ ስለዚህ በስስ ኢፖክሲ (ሃርድነር ከሚባል ማጠንከሪያ ጋር ሲደባለቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ፣ ማለትም ሬዚን) ደፈንሁት፣ ትንንሾቹን ጉድጓዶች በመኪና ስቱኮ ሞላሁ፣ ከዚያም የመሠረት ቀለም እየቀባሁ በውኃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት ከ220 ቁጥር ጀምሬ እስከ 600 አለሰለስሁት። ዓይን የማያየውን ጉብታ ጣት ያገኘዋልና፣ ዓይኔን ጨፍኜ ከግርጌ ወደ ጫፍ መዳበስ ከማንኛውም መሣሪያ የተሻለ ፍተሻ ሆኖልኛል።

ፎርማው በሁለት ግማሽ የሚከፈል ነው። የሞዴሉ ግማሽ አካል የሚገባበት ቅርጽ የተቆረጠለት ሰሌዳ አዘጋጅቼ ሞዴሉን እስከ ወገቡ አስተኛሁት፤ በመካከል የቀረውን ክፍተትም በፕላስቲሊን ደፈንሁ። ክፍተቱ በጥንቃቄ ካልተደፈነ ሬዚን ሾልኮ ይገባና ሁለቱ ግማሾች በትክክል አይገጥሙም። ፎርማው እንዳይጣበቅበት ሞዴሉን ሰም ደጋግሜ ቀብቼ ከወለወልሁ በኋላ፣ ሲደርቅ ስስ ልባስ የሚሆነውንና በውኃ የሚታጠበውን ፖሊቪኒል አልኮሆል ነፋሁበት፤ በላዩም የፎርማውን የመጀመሪያ ግማሽ ሠራሁ፤ እሱ ሲጠነክርም ገልብጬ ሁለተኛውን በላዩ ሠራሁ። በጠርዙ ላይ አስቀድሜ የቀረጽኋቸው ትንንሽ ጉድጓዶች ሁለቱን ግማሾች ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ያገጥሟቸዋል።

አፍንጫውን ራሱን የሠራሁት በካሬ ሜትር 200 ግራም ከሚመዝን የመስታወት ጨርቅ በሦስት ድርብ ነው። ጨርቁን ከድሩና ከማጉ በ45 ዲግሪ በሰያፍ መቁረጥ ግድ ነው፤ በቀጥታ የተቆረጠ ጨርቅ ወደ ሾጣጣው ጫፍ ሲቃረብ ይጨማደዳል፣ በሰያፍ የተቆረጠው ግን ተለጥጦ ቅርጹን ይከተላል። ኢፖክሲውንና ሃርድነሩን አምራቹ ባዘዘው መጠን በሚዛን ለካሁ። ሃርድነር መጨመር ሥራውን አያፋጥንም፤ ትርፉ ሳይጣመር ስለሚቀር ውጤቱ ለዘለቄታው ለስላሳና ደካማ ይሆናል። የተበጠበጠ ኢፖክሲ በጠባብ ኩባያ ተከማችቶ ሲቆይ በራሱ ሙቀት ይግላል፤ ስለዚህ ወዲያውኑ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አፈስሰው ነበር። ነጩ ጨርቅ ሬዚን ሲጠጣ ቀስ በቀስ እየጠፋ ከሥሩ ያለው ፎርማ ይታያል፤ ነጭ ሆኖ የቀረ ነጥብ ካለ አየር አለበት ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ከጠራ በኋላ የሚጨመረው ሬዚን ክብደት ብቻ ነው። የጨርቁ ክብደት 30 ግራም ያህል ስለሆነ፣ ሬዚኑም ከዚያ ባይበልጥ አፍንጫው 60 ግራም አካባቢ ይመዝናል።

ጫፉ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፤ ፎርማው ከተዘጋ በኋላ ቡርሽ አይደርስበትም። ስለዚህ ሁለቱን ግማሾች ከመግጠሜ በፊት ኢፖክሲውን በሲሊካ ዱቄትና በተከታተፈ የመስታወት ክር እንደ ገንፎ እስኪወፍር አሽቼ ጫፉ ላይ አኖርሁ። የአንዱ ግማሽ ጨርቅ ከጠርዙ ጋር እኩል ተቆርጧል፤ የሌላው ግን ጥቂት ወጣ ብሎ ስለቀረ፣ ፎርማው ሲዘጋ ወደ ውስጥ ታጥፎ መጋጠሚያውን ይደርባል። እሱንም ረጅም እንጨት ላይ በታሰረ ቡርሽ በግርጌው በኩል ገብቼ ተጫንሁት።

የምሠራባት የአሜሪካዋ የሜሪላንድ ግዛት የበጋ አየር እርጥበት ይበዛበታል፤ እርጥብ አየር ባለበት የደረቀ ኢፖክሲ ላይ አንዳንድ ጊዜ ሰም የመሰለ ቅባታማ ልባስ ይወጣል። ይህ ልባስ በሞቀ ውኃ ሳይታጠብ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግ ወደ ውስጥ ይሰርጽና ቀለም አይዝም። በፍግፈጋ ጊዜ የአቧራ ጭምብል፣ በበጠበጣ ጊዜ ደግሞ የናይትራይል ጓንት ፈጽሞ አይዘለልም። ኢፖክሲ ቆዳን ደጋግሞ ሲነካ የሚፈጥረው አለርጂ ዕድሜ ልክ ሊቆይ ስለሚችል፣ አንድ ሰው ይህን ሥራ ለዘለቄታው እንዲተወው ሊያስገድደው ይችላል።

ወደ ቱቦው የሚገባው አንገት ከቱቦ ማያያዣ የተቆረጠ ሲሆን፣ የቱቦውን አንድ ስፋት ያህል፣ 76 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ አደረግሁት፤ ከዚህ ካጠረ አፍንጫው በበረራ ላይ ያዘነብላል። ማሰራጫውን ከኮምፔንሳቶ ክዳን ጋር በአንገቱ ውስጥ አሰርሁ። ክብደቱ ወደ ፊት መሆኑ ለሮኬቱ መረጋጋት ይጠቅማል፤ የሮኬቱ የክብደት ማዕከል ከአየር ግፊት ማዕከሉ (የአየሩ ኃይል በጠቅላላ እንደሚያርፍበት ከሚቆጠረው ነጥብ) ቢያንስ አንድ የቱቦ ስፋት ያህል ወደ አፍንጫው መቅደም አለበትና። በ1960ዎቹ ጄምስ ባሮውማን ባዘጋጀው ስሌት መሠረት የኦጂቭ አፍንጫ የራሱ የግፊት ማዕከል ከጫፉ 0.466 በሚሆነው የርዝመቱ ክፍል ላይ ነው፤ ለዚህኛው 142 ሚሊ ሜትር ያህል ማለት ነው።

በተራ የክፍል ሙቀት የደረቀ ኢፖክሲ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ በበጋ የተዘጋ መኪና ውስጥና ጥቁር ቀለም በተቀባ ገጽ ላይ ደግሞ እዚህ ሙቀት መድረስ ቀላል ነው። ስለዚህ አፍንጫውን ከፎርማው ሳላወጣ ሙቀቱን ቀስ በቀስ እየጨመርሁ በሞቀ ሣጥን ውስጥ አቆየሁት፤ ከዚያም ነጭ ቀለም ቀባሁት።