የአያቴን ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ማን እንደሠራው ስፈልግ

ልጅ ሆኜ ጀምሮ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ አለች፣ ፈቃዷ አሁን በአጎቴ ስም ነው፣ ታሪኳን ግን ሁሉም በየፊናው ነው የሚያወራው። ጋሼ "አድዋ ላይ ከጣልያን የተማረከች ናት" ይላሉ። አያቴ እምዬ ደግሞ ስለ አድዋ ምንም አትልም፣ "በልጅጓን አቧራዋን ጥረጉላት" ብቻ ነው የምትለው።

አምና ክረምት ላይ ለይቶልኝ ማጣራት ጀመርኩ። መጀመሪያ ያየሁት በሁለቱ አፈሙዝ መሀል በላቲን ፊደል የተቀረጸውን ስም ነው፣ "ሪቻርድስ" ይላል። ኢንተርኔት ስገባ ዌስትሊ ሪቻርድስ የሚባል ከ1812 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በርሚንግሃም ያለ ትልቅ የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪ መጣልኝ፣ ዋጋውን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እኔም ሞኙ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ደወልኩ። ያንን ቀን ባስታውሰው አሁንም አፍራለሁ።

ስሙ ምንም ማስረጃ እንዳልሆነ የገባኝ ጠመንጃዋን ስንፈታት ነው። ስትፈቱ መጀመሪያ ገልብጣችሁ ጎረሰች አልጎረሰች እዩ፣ የኛ ግራው ውስጥ ያረጀ ቀልሃ ተጣብቆ ተገኘ፣ ደግነቱ ባዶ ነበር፣ እንግዲህ ስንት ዓመት ከልጆች ራስ በላይ እንደዛ ተሰቅላ ነበር ማለት ነው። ከአፈሙዙ ስር ያለችው እንጨት ስትወልቅ አፈሙዙ ከነመንታው ይነሳል፣ ዋናው ነገር ያለው ከሆዱ ስር ነው፣ ግድግዳ ላይ እያለች ማንም የማያየው ቦታ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት ማንም አይድገመው፣ ዝገት ነው ብዬ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። የብረቱ የተጠማዘዘ ጌጥ (ደማስቆ የሚሉት፣ ብረትና ፎላድ አንድ ላይ ገምደው እንደ ገመድ ጠምጥመው የሚሠሩት) አንድ ጣት ያህል ጠፋ፣ አንዷ ማህተምም ግማሽዋ ሄደች። ከዛ በኋላ ዘይት፣ ጨርቅና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ብቻ ነው የተጠቀምኩት። ማህተሞቹ ላይ ጠመኔ አሽቼ፣ የስልኬን መብራት ከጎን አብርቼ ፎቶ ሳነሳ ፊደሎቹ ቁልጭ ብለው ወጡ።

የእንግሊዝ ቢሆን ከስሩ የበርሚንግሃም ወይ የለንደን መፈተኛ ቤት ማህተም ይኖረው ነበር። የኛዋ ላይ ያለው ግን እንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ ሦስት ፊደሎች፣ ከስራቸው ኮከብ፣ ከላይ ዘውድ ነው። ይሄ የቤልጅየሟ የሊዬዥ ከተማ የመፈተኛ ቤት ማህተም ነው፣ እዛ እያንዳንዱ አፈሙዝ ከመሸጡ በፊት ከመጠን በላይ ባሩድ ተደርጎበት ተተኩሶ ካልፈነዳ ነው የሚታተምበት። ዘውዷ የተጨመረችው በሐምሌ 1893 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስለዚህ ከዛ በፊት አልተፈተነችም። ከ1922 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የዓመቱን ምልክት ፊደል ማተም ጀመሩ፣ የኛዋ ላይ እሱ የለም። አለቀ፣ በመሀል ያለ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ገባች።

"ሪቻርድስ"ስ? የሊዬዥ ነጋዴዎች ገዢ ያዘዛቸውን ስም ያትሙ ነበር፣ የእንግሊዝ ስም ደግሞ ይሸጣል። ሥራው ራሱ የአንድ ሰው አልነበረም፣ አንዱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቃታውን ይሞርዳል፣ ሌላው ሰደፉን ይጠርባል፣ አፈሙዙ ከከተማው ውጭ ከቬስድር ወንዝ ዳር መንደሮች ይመጣል፣ ነጋዴው ገጣጥሞ ይልካል። እኔ የአንድ ሰው ስም ፍለጋ ገብቼ ከተማ ሙሉ አንጥረኛ ይዤ ወጣሁ። አፈሙዙ ላይ ያሉት ትንንሽ ፊደሎችም የቱቦው ሠሪ ናቸው እንጂ የጠመንጃው አይደሉም፣ እሱም ላይ ሁለት ሳምንት አቃጥያለሁ።

ሌላ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ጭስ አልባ ባሩድ (የዘመናዊ ጥይት ባሩድ) መቻሏን የሚያሳየው አንበሳ ያለበት ማህተም የላትም፣ ማለትም የተሠራችው ለጥቁር ባሩድ ነው። የአጎቴ ልጅ ለሠርግ ሊተኩስባት ዘመናዊ ጥይት ሲያፈላልግ ነበር፣ በስንት ልመና ተወው።

ለእምዬ የቤልጅየም ናት ብዬ ስነግራት "ታዲያ በልጅግ እያልኩህ ስንት ዘመኔ" አለችኝ። ቃሉን ስንሰማው ነው ያደግነው፣ አንዳችንም አገር መሆኑን አስበን አናውቅም።

የቀረው ጋሼ ናቸው። አድዋ የካቲት 1888 ነው፣ ዘውዷ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1885 ነው የተጨመረችው፣ በዛ ላይ የጣልያን ወታደር የያዘው ቬተርሊ የሚባል የጦር ጠመንጃ እንጂ የአደን ጠመንጃ አይደለም ብዬ በወረቀት አስልቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አገላበጡና "ታዲያ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ለመርከብ አነሰ?" አሉኝ።