አምባሩ ላይ የተጻፈው «አለሁልሽ»

ለታናሽ እኅቴ የቶልኪን ልብ ወለድ «የቀለበቶቹ ጌታ» ነፍሷ ነው። መስከረም 12 የባለታሪኮቹ የቢልቦና የፍሮዶ ልደት ስለሆነ በዚያ ቀን ስጦታ ትሰጠኛለች፤ እንደነሱ ያለው አጭር ፍጡር፣ ሆቢት፣ በልደቱ ቀን ለሌላው ይሰጣልና። መጋቢት 16 ደግሞ፣ የሞርዶር ገዥ የጨለማው ጌታ በወደቀበት ዕለት፣ ቤተሰቡን ሰብስባ ታነባለች። በየአገሩ ያሉ የመጽሐፉ ወዳጆችም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀኑን የቶልኪን ንባብ ቀን ብለው ያከብሩታል። እናታችን ቡናዋን ይዛ ትሰማለች፤ ባለጢሙን አስማተኛ ጋንዳልፍን እስካሁን «ቄሱ» ነው የምትለው።

እኅቴ ስትመረቅ የብር አምባር ላሠራላት፣ ውስጡንም በመጽሐፉ ኤልፍ የሚባሉት ፍጥረታት በሚጽፉበት ፊደል፣ በቴንግዋር፣ «አለሁልሽ» ብዬ ላስቀርጽላት አሰብኩ። ፎንት አወረድኩ፣ ቃሉን በላቲን ጻፍኩ፣ ደስ የሚል ጽሑፍ ወጣ፣ አትሜ ለአንጥረኛው ሰጠሁት። አምባሩን አዙራ አዙራ አየችውና «ወንድምዬ፣ ይሄ እኮ ምንም አይልም» አለችኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ያወረድኩት ዓይነት ፎንት ሆሄ የሚያወጣው በቁልፉ ቦታ እንጂ በድምፁ አይደለም፤ የ1 ቁጥር ቁልፍ «ት»ን፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ «ፕ»ን ያወጣል። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ምን ይመስል እንደነበር ያየ ሰው ይህን መጠርጠር ነበረበት። የኛ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት መዝገብ፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ ገብቶ ተገላገልን፤ ቴንግዋር ዛሬም አልገባም።

ስለዚህ በመጽሐፉ ሦስተኛ ቅጽ መጨረሻ ያለውን የፊደል አባሪ ይዤ በእጄ መጻፍ ተለማመድኩ። ሀ ሁ የቆጠረ ሰው እዚያ ባዳ አይሆንም። አናባቢው ተነባቢው ራስ ላይ የሚቀመጥ ምልክት ነው። ቃል በአናባቢ ሲጀምር ባዶ ዘንግ ይቆምለታል፤ የኛ «አ» ሥራ ማለት ነው። ከኤልፎቹ ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በክዌንያ የ«አ» ድምፅ ስለሚበዛ ምልክቱን ብዙ ጊዜ ይተዉታል፤ እኔም ግዕዙን ያለ ምልክት ጻፍኩት። «ት» ሁለተኛ ሆድ ሲጨመርለት «ድ» ይሆናል፣ «ፕ»ም «ብ»። «ጠ» እና «ቀ» ከዋናዎቹ 24 ሆሄያት ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ቶልኪን ግን ዘንጋቸው ወደ ላይም ወደ ታችም የሚረዝም ትርፍ ሆሄያት ትቷል። ለዚህ ቃል ባያስፈልጉኝም ለእነሱ መደብኳቸው። (አንዴ የጀመረው ሰው አያቆምም።)

ከሁሉ የገረመኝ የሚጠብቀው ድምፅ ነው። እኛ «አለ» ሲጠብቅም ሲላላም አንድ ዓይነት እንጽፈዋለን፤ ቴንግዋር ከሆሄው ሥር ሰረዝ ያደርግለታል። «አለሁልሽ» ውስጥ «ለ»ም «ል»ም ይጠብቃሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለው ኖሬ ይህን ያስተዋልኩት ሰረዟን ሳደርግ ነው።

ሁለተኛውን አምባር ሰጠኋት። ጣቷን እያስኬደች በቀስታ አነበበች።

«አ... ለ... ሆ... አለሆልሽ?»

የ«ኡ»ን ቆልማማ ምልክት የቀዳሁት በመጽሐፉ የጨለማው ጌታ ቀለበት ላይ ካለው ጽሑፍ ነበር። በቀለበቱ ቋንቋ «ኦ» ብርቅ ስለሆነ ወደ ቀኝ የተከፈተው ቆልማማ ለ«ኡ» ያገለግላል፤ በመጽሐፉ የርዕስ ገጽ ላይ ግን እሱ «ኦ» ነው፣ «ኡ» ወደ ግራ ይከፈታል።

«እንዲህ የሚጽፉት እኮ ሞርዶር ነው» አለችና ሁለቱንም አምባሮች አንድ እጇ ላይ አጠለቀቻቸው።