ቧንቧው ሲያፏጭ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። እኛ ብሎክ ውሃ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል፣ ያውም ሌሊት። ስለዚህ ማታ ቧንቧውን ከፍቼ እተኛለሁ። ውሃው ከመድረሱ በፊት አየሩ ያፏጫል። ያንን ፉጨት የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ።

ባለቤቴ ሰነፍ አይደለም። አስቀድሜ ልናገር፣ እናቱ ያነቡታል። ከቀሰቀስኩት ይነሳል። ግፊቱ ደክሞ እኛ ጋ ካልደረሰ ከታች በጄሪካን ተሸክሞ ይወጣል። የልጃችንን ጨርቅ አጥቦ በረንዳ ላይ ያሰጣል። ጎረቤቶች ሲያዩት «ታድለሽ!» ይሉኛል። እኔ ሳሰጣ «ታድሎ» ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም።

እማዬ ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን የመጣች ቀን እጅጌውን ሰብስቦ ሲያጥብ አገኘችው። «ኧረ ተው አባቴ፣ እኔ በቁሜ!» ብላ ሳፋውን ቀማችው። በሳምንቱ ሳፋውን ራሷ ታቀብለው ጀመር። «ሲጨምቅ ካንቺ ይሻላል» አለችኝ።

ጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ነኝ፣ ሕግ ማገላበጥ እወዳለሁ። እማዬ ያገባችው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን ነው። ቁጥር 646 ባል ለሚስቱ ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ እሷው ትሥራ ይል ነበር። ሳነብላት ከት ብላ ሳቀች። «ለዚህም ሕግ አስፈለጋቸው?» የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ደግሞ ለእኔ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሰጠኝ፤ ለእሱ 3 ቀን። እሱ ሥራ ሲመለስ እኔ ገና ቀና ብዬ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር።

የተጣላነው ግን በውሃው ነው። «አንቺ እንደሆነ ለማጥባት ነቅተሻል» አለኝ። ነቅቼ የለ! ስለነቃሁ ፉጨቱም የኔ፣ የ45 ቀን ክትባቱም የኔ፣ ሽሮ ማለቁን ማወቅም የኔ። እሱ የተነገረውን ይሠራል። የሚነገረውን የማስበው እኔ ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ቧንቧው አፏጨ። በጨለማ እያጠባሁ ዝም አልኩ። ፉጨቱ አለቀ፣ ትፍ ትፍ አለ፣ ከዚያ መንቆርቆር። እሱ ያንኮራፋል። ያ ሁሉ ውሃ በሲንኩ ወርዶ ቀረ። እልኸኛ ነኝ፣ አውቃለሁ።

ጠዋት የበርሜሉን ክዳን አነሳ።

«ውሃ አልመጣም እንዴ?»

«መጥቶ ነበር።»

ጥቂት አየኝና ጄሪካኖቹን ይዞ ወደ ባለ ጋሪው ወረደ።

ዛሬ ማታ ፍራሹን ወጥ ቤቱ በር ላይ አነጠፈ። ለእማዬ በስልክ ስነግራት «ብርድ ይመታዋል!» ብላ ጮኸች። አንድ ብርድ ልብስ ጨመርኩለት። አሁን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ልጄ ጡት ጠብታ ተኝታለች። ቧንቧው ገና አላፏጨም።