የመርፌው መዝገብ

የአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካን የሠራተኛ አያያዝ ስንፈትሽ፣ የመግቢያና የመውጫ መዝገቡ እንከን አልነበረውም፤ ያስጠረጠረንም ይኸው ነው። የሦስት ወር ሰዓት፣ የአንድ ሙሉ የስፌት መስመር ሠራተኛ፣ ሁሉም ጠዋት 2 ሰዓት ገብቶ 11 ሰዓት ላይ ይወጣል። የመጫኛው ቀን በደረሰበት ሳምንት እንኳ አንድ ደቂቃ ትርፍ ሰዓት የለም።

እንዲህ ሲሆን የሚጠየቀው የተሰበረ መርፌ መዝገብ ነው። መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው ተለቅሞና ተገጣጥሞ በፕላስተር ወረቀቱ ላይ ይለጠፋል፤ ከጎኑ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የማሽኑ ቁጥርና የሰፊዋ ስም ይሰፍራል። ቁራጭ ከጎደለ ልብሱ ተነጥሎ ይፈተሻል። የሚያዘው ለልብሱ ደኅንነት ስለሆነ ሰዓቱን ለማሳመር የሚያስብ የለም። ገጹን ገለጥነው፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20፣ ማሽን 17። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ10፣ ማሽን 31።

ያን ገጽ እንዳለ ሪፖርት ውስጥ መክተት ግን ሰፊዋን አሳልፎ መስጠት ነው። የወሩን ገጾች በሙሉ ወስደን ሰዓቱን ብቻ ጻፍን። ያልተከፈለውን ትርፍ ሰዓት ለማስላት ደግሞ መርፌው አይበቃም፤ በየሰዓቱ የሚሞላውን የምርት መቁጠሪያ ከደመወዝ መክፈያው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ሥራ አስኪያጁ አልካዱም። ወደ ገዥው ኩባንያ ተወካይ ዞረው፣ «ናሙናውን ሳታጸድቁ አሥራ ሁለት ቀን አቆያችሁት። የመጫኛውን ቀን ግን አልነካችሁትም። አሥራ ሁለቱን ቀን ከየት ላምጣው?» አሉ።

«ውሉ ላይ ፈርመዋል። የሠራተኛ ጉዳይ የእርስዎ ነው።»

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግባል፤ ሕጉ የሚለው ሌላ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ላይ የዋለው የጀርመን የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ፣ መጀመሪያ በአገሪቱ ቢያንስ 3,000፣ ከ2024 ወዲህ ቢያንስ 1,000 ሠራተኛ ያላቸውን ኩባንያዎች ይዞ፣ ገዥው የራሱንም የግዢ አሠራር እንዲያርም ያስገድዳል። ውል ማቋረጥ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ወረቀት ሰው እንደማያድን ደግሞ ካራቺ ላይ ታይቷል፦ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 ከ250 በላይ ሰዎች በእሳት ያለቁበት የልብስ ፋብሪካ የሥራ ሁኔታው ደኅና ነው የሚል የምስክር ወረቀት ካገኘ ገና ሳምንታት ነበር የሆነው።

የማስተካከያ ዕቅዱ 11 ተግባራት ነበሩት፤ አሥሩ የፋብሪካው። አሥራ አንደኛው፣ ናሙና በዘገየ ቁጥር የመጫኛው ቀን በዚያው ልክ ይገፋል የሚለው፣ ለገዥው ሦስት ጊዜ ተልኮ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ ተመለሰ። በሦስተኛው ተፈረመ።