አሥራ ሁለቱ ውሸታሞች

ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቤተ ሙከራ ባለሙያነት በተቀጠርሁ በሦስተኛው ወር አሥራ ሁለት አዲስ ቴርሞሜትሮች ተገዝተው መጡ። የርክክብ ኮሚቴው «ባለሙያው ይፈትሻቸው» ብሎ ወደ እኔ መራቸው። ሥልጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ እንዴት እንደሚጣፍጥ የቀመሰው ያውቀዋል።

ፈተናው ቀላል መሰለኝ፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ 100 ማንበባቸውን ማየት። ቢከሩን ቡታጋዙ ላይ ጣድሁ። ቀዩ መስመር 60፣ 80 እያለ ሽቅብ ወጣና 92 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ውሃው ግን እየተንፈቀፈቀ ነው። መስተዋቱን በጥፍሬ መታ መታ አደረግሁት። እሳቱን እስከ መጨረሻው ከፈትሁት። ፍላቱ በረታ፣ መስኮቱ በእንፋሎት ላበ፣ ውሃው እያየሁት ጎደለ፤ መስመሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛውን ነከርሁ፤ እዚያው ላይ። ሦስተኛውም እዚያው። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ተናድጄ ነበር።

«ዕቃዎቹ በስምንት ዲግሪ ስለሚሳሳቱ ለአቅራቢው ይመለሱ» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ ለንብረት ክፍል ወሰድሁ።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ የተቃረቡ ሽማግሌ ናቸው። ሞዴል 19 የሚባለውን የንብረት ገቢ ደረሰኝ ሊቆርጡ ያነሡትን እስክሪብቶ መልሰው አስቀመጡና ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ልጄ፣ አሥራ ሁለት ምስክር ለየብቻው ቀርቦ ቃሉ አንድ ቢሆን፣ ዳኛው ምስክሮቹን ነው ወይስ ክሱን የሚጠረጥረው?»

መልስ አልነበረኝም። ከጭማቂ ቤት በረዶ አምጥቼ ፈጭቼ ውሃ ጨመርሁበትና ሁሉንም ነከርኋቸው። አሥራ ሁለቱም ዜሮ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፉን የገለጥሁት፤ ከሠንጠረዡ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «በባሕር ወለል የአየር ግፊት» ይላል። ስንት ዓመት ተምሬ ያቺን መስመር አላየኋትም።

ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ የተጫነውን አየር ግፊት ሲስተካከል ነው። ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የተጫነባት አየር ቀለል ያለ ነው፤ ውሃዋ 92 አካባቢ ሲደርስ ይበቃዋል። እሳቱን መጨመሬም ከንቱ ነበር። ከፈላ በኋላ የሚገባው ሙቀት ውሃውን ይበልጥ አያሞቀውም፤ ፈሳሹን ወደ እንፋሎት በመለወጥ ያልቃል። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት 300 ኪሎ ጁል ያህል ቢበቃ፣ ያንኑ ውሃ እስከ መጨረሻው ጠብታ ለማትነን ከሰባት እጥፍ በላይ ይጠይቃል። የትምህርት ቤቱ ጋዝ የት እንደገባ ገባኝ። እናቴ የባቄላው ድስት ሲፈላ እንጨቱን ከሥሩ የምትጎትተው ለቁጠባ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ብትማግድበትም ባቄላው ቶሎ አይበስልላትም።

አሁንም ልቤ አላረፈም። ቅዳሜ አንዱን ቴርሞሜትር በፎጣ ጠቅልዬ በሚኒባስ ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ከመናኸሪያው አጠገብ ያለች ሻይ ሻጭ ባዶ ውሃ የሚፈላበትን ጀበናዋን እንድጠቀም ከብዙ ልመና በኋላ ፈቀደችልኝ። ቴርሞሜትሩን ስከት «ውሃው አሞታል እንዴ?» አለች። መስመሩ 94 ላይ ቆመ። ከደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት ሁለት ዲግሪ ጨመረ ማለት ነው። ለአንድ ጀበና የሁለት ሻይ ሒሳብ ከፈልሁ።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤዬን የሚሽር ደብዳቤ ይዤ ገባሁ። ሽማግሌው «አብሽር» ብለው ሞዴል 19 ቆረጡ፤ በአስተያየት ዓምዱ ላይም «ደሴ ላይ ሲፈላ 92 የሚያነቡ» ብለው ጨመሩበት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ያንን አንብቦ መጣ። «ታዲያ የቀሩት ስምንት ዲግሪዎች የት ገቡ? ሒሳብ መርማሪ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

ሽማግሌው ቀና ሳይሉ፣ «አሰብ ወደብ ናቸው በለው» አሉት።